«ፓምፑ ሞቷል» ከመባሉ በፊት

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዳችሁ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ደጀን ሽቅብ ስትጀምሩ ጥግ ይዘው ኮፈናቸውን የከፈቱ መኪኖች አታጡም። አንድ ጊዜ ከእነሱ አንዷ እኛ የተሳፈርንባት ላዳ ነበረች። ሳልባትዮዋ፣ ማለት የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ፣ ከግማሽ በላይ ቤንዚን አለው። ዳገቱን ትንሽ እንደወጣች ግን ማሳል ጀመረች። አንዴ ዘለል፣ አንዴ ቆም፣ ከዚያ ጭራሽ ጸጥ።

ሹፌሩ አልደነገጠም። ከወንበሩ ሥር ጫፉ የጠቆረ ፎጣ አወጣ። የሃይላንድ ውሃ አርከፈከፈበትና ከሞተሩ ጎን ባለች፣ የቡና ሲኒ በምታህል ብረት ላይ ጠመጠመው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ቆሎውን መቃም ጀመረ። «ምን ሆና ነው?» አልነው። «ጠምቷት ነው» አለ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቁልፉን አዞረ፤ ተነሳች። ደጀን ገባን።

ያቺ ሲኒ የምታህል ብረት የነዳጅ ፓምፕ ናት። ሳልባትዮው ሞልቶ ሞተሩ ሲጠማ መጀመሪያ የምትከሰሰው እሷ ናት። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ እየዞረ መኪናዋ አልነሳ ስትል ከጋራዥ ቶሎ የሚሰማው ፍርድ «ፓምፑ ሞቷል» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን ያ የላዳዋ ፓምፕ አልሞተም ነበር። ፎጣ ነው የፈወሰው። አሮጌ መኪና ላይ ፓምፕ ተቀይሮ ችግሩ እዚያው ሲቀር ደጋግሜ ስላየሁ፣ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይሻላል ብዬ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ያሉንን አሮጌዎች አብረናቸው ብዙ መክረማችን አይቀርም።

ለመሆኑ ፓምፑ ምን ይሠራል?

ሳልባትዮው ከኋላ ነው፣ ሞተሩ ከፊት። ሳልባትዮው ደግሞ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ነው። ቤንዚን በራሱ ሽቅብ አይወጣም፤ የሚገፋው ወይም የሚስበው ያስፈልገዋል። ያ ነው ፓምፑ።

በጥንቱ ዘመን ይህ ዕቃ የሌላቸው መኪኖች ነበሩ። ፎርድ ሞዴል ቲ ሳልባትዮው ከወንበሩ ሥር ሆኖ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ሞተሩ ይወርድ ነበር። ችግሩ ዳገት ላይ ነው። አፍንጫዋ ቀና ሲል ሞተሩ ከሳልባትዮው ይበልጥና ነዳጁ ይቋረጣል። ሹፌሮቹ ምን ያደርጉ ነበር? በኋላ ማርሽ ነበር የሚወጡት።

ዛሬ መንገድ ላይ ያሉ የቤንዚን መኪኖች በሁለት ይከፈላሉ። ላዳ፣ ዲኤክስ፣ የድሮ ፔጆና ቮልስ ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅል ካርቡራተር ያላቸው ናቸው። እነዚህ ላይ ፓምፑ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ የተቀመጠ፣ ኤሌክትሪክ የማይነካው ዕቃ ነው። ሞተሩ ሲዞር አንድ ዘንግ ወይም ምላስ እየገፋው፣ ውስጡ ያለው ዲያፍራም የሚባል ላስቲክ ከፍ ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል ከሳልባትዮ ይስባል፣ ከፍ ሲል ወደ ካርቡራተር ይገፋል። ሁለት ትናንሽ ቫልቮች ቤንዚኑ ወደኋላ እንዳይመለስ ይጠብቃሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ወገን ኢኤፍአይ የምንላቸው፣ ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ ወዲህ የተሠሩት ኮሮላዎች፣ ቪትዝና መሰሎቻቸው ናቸው። ካርቡራተር የላቸውም፤ ኢንጀክተር ነው ያላቸው። ፓምፓቸው የኤሌክትሪክ ሲሆን የሚቀመጠው ራሱ ሳልባትዮው ውስጥ፣ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ ነው። ቪትዝ ላይ የኋላውን መቀመጫ አንሥታችሁ ከሥሩ ያለውን ክዳን ስትከፍቱ ራሱን ታገኙታላችሁ።

የሁለቱ ልዩነት ጉልበት ላይ ነው። ካርቡራተር እንደ ሽንት ቤት ውሃ ሳጥን ነው። ውስጡ ተንሳፋፊ አለ፤ ሲሞላ ይዘጋል፣ ሲጎድል ይከፍታል። ቀስ ብሎ የሚደርሰው ነዳጅ ይበቃዋል። ኢንጀክተር ግን አራተኛ ፎቅ ላይ እንዳለ ሻወር ነው፤ ግፊት ከሌለ አይረጭም። ጎሚስታ ጋ «ሠላሳ አድርግልኝ» የምትሉትን አስቡ። የካርቡራተር ፓምፕ በዚያው መለኪያ ከ3 እስከ 6 ቢሰጥ ነው። የቪትዝ ዓይነቱ ግን ወደ 45 ይጠጋል፤ ከጎማችሁ አየር ይበልጣል። ለዚህ ነው ከኢኤፍአይ መኪና የተፈታ ፓምፕ ዲኤክስ ላይ ገጥሞ «ይሠራል» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ መሸሽ ያለባችሁ። ካርቡራተሩ ያንን ግፊት ሊዘጋው አይችልም። ቤንዚኑ በጋለ ሞተር ላይ ይፈሳል።

በእርግጥ ጥፋቱ የነዳጅ ነው?

ሞተር እንዲነሣ ነዳጅ፣ እሳትና ጨምቆ የሚይዘው አየር ይፈልጋል። አሮጌ መኪና ላይ እሳቱ የሚቋረጥበት ምክንያት ብዙ ነው። የተበላሸ ቦቢና (የእሳቱን ጉልበት የሚያመነጨው)፣ የተበላ ፑንቲና (እሳቱን የሚያቋርጥ የሚያገናኘው)፣ እርጥበት የገባው ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን የሚያከፋፍለው)። ስለዚህ ፓምፑን ከመክሰሳችን በፊት የነዳጅ ችግር መሆኑን ማረጋገጥ አለብን።

ካርቡራተር ያለው መኪና ላይ ይህን ለማወቅ ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የአየር ፊልትሮውን ክዳን አንሡና የካርቡራተሩን ጉሮሮ እዩ። በሌላ እጃችሁ ነዳጅ መስጫውን ማንሻ ገፋ አድርጉት። ቀጭን የቤንዚን ክር ከረጨ፣ ቤንዚን እዚያ ደርሷል። ፓምፑን ተዉትና ወደ ቦቢናና እሳቱን ወደሚጭረው ካንዴላ ሂዱ። ደጋግማችሁ ገፍታችሁት ጉሮሮው ደረቅ ከሆነ ግን ጥማቱ እውነት ነው። ይህን የሚያህል ርካሽ ምርመራ አላውቅም፤ ግን ሲደረግ እምብዛም አላይም።

ኢኤፍአይ ላይ ጉሮሮ አይታይም። እዚያ ሞተሪኖውን ለጥቂት ጊዜ ካዞራችሁ በኋላ አንድ ካንዴላ ፍቱ። ጫፉ ቤንዚን ቤንዚን የሚል፣ የረጠበ ከሆነ ነዳጅ ይደርሳል። ደረቅና ሽታ አልባ ከሆነ አይደርስም።

አጠፋፏም ፍንጭ ይሰጣል። መኪናዋ መብራት እንደጠፋ ቤት ድንገት ድርግም ካለች ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ነው። እየዘለለች፣ እያሳለች፣ ነዳጅ ስትሰጧት እየባሰባት ከሞተች ደግሞ የነዳጅ ነገር ነው። ሜዳ ላይ ደህና ሆና ዳገት ላይ ወይም ለመቅደም ስትረግጡ ብቻ የምትደክመዋን እንደ ሁለተኛዋ ቁጠሩ። ሕግ አይደለም፤ የኢኤፍአይ ፓምፕ ሽቦው ሲቆረጥም ድርግም ሊያደርጋት ይችላል።

የካርቡራተር መኪና ላይ ቤንዚኑ የት ቀረ?

ከኋላ እንጀምር። የነዳጅ ጌጁን አትመኑ። ጌጁ ሩብ እያሳየ ባዶ የሆነ ሳልባትዮ ስንት ሰው አስገፍቷል። መኪናዋን ከጎን ነቅንቁና ሲንቦጫቦጭ ስሙ።

ቀጥሎ ክዳኑን ክፈቱ። ሲከፈት ፉጨት መሰል ድምፅ አውጥቶ አየር ከሳበ አንድ ነገር ያዛችሁ። ቤንዚን በወጣ ቁጥር ቦታውን አየር መያዝ አለበት። የአየር መግቢያዋ ቀዳዳ በአቧራ ከተደፈነች ሳልባትዮው ውስጥ የሚፈጠረው ስበት ፓምፑን ይታገለዋል። ሃይላንድ አፉን ከንፈራችሁ ላይ ግጥም አድርጋችሁ ስትጠጡ ፕላስቲኩ እንደሚጨማደደው ማለት ነው። እንዲህ ያለችው መኪና ለግማሽ ሰዓት ደህና ትሄድና ትቆማለች። ስትቆም ቀስ በቀስ አየር ይገባና እንደገና ትነሣለች። ባለቤቷም «ሲሞቃት ነው» ይላል። ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ለሙከራ ትንሽ ንዱ፤ ካልቆመች መልሱ ተገኝቷል።

የቤንዚኑን ፊልትሮ (ማጣሪያ) እዩ። የድሮ መኪኖች ላይ ብዙውን ጊዜ በውስጡ የሚያሳይ ትንሽ ፕላስቲክ ነው። ታችኛው ላይ ቡናማ ዝቃጭ ካለ፣ ወይም ቤንዚኑ ከሥር የውሃ ጠብታ ለይቶ ካስቀመጠ ቀይሩት።

አሁን የምነግራችሁ ብዙዎች የሚያልፉት ነገር ነው። ከሳልባትዮ እስከ ፓምፑ ያለው መሥመር የሚሳብ እንጂ የሚገፋ አይደለም። ስለዚህ እዚያ ያለ ጎማ ቱቦ ሲሰነጠቅ ብዙ ጊዜ ቤንዚን አያፈስም። አየር ነው የሚስበው። በተሰነጠቀ ቀሰም ለመጠጣት እንደሞከራችሁ ቁጠሩት፤ ጉንጫችሁ እስኪደክም ብትስቡ የሚገባው አየር ነው። ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር ስለሌለ መካኒኩ «ቱቦው ደህና ነው» ይላል፣ ጣት ወደ ፓምፑ ይዞራል። ቱቦውን አጠፍ አድርጋችሁ እዩት። ስንጥቁ ያኔ አፉን ይከፍታል። በጥቂት ብር የሚገኝ ጎማ ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ፓምፑን ራሱን ጠይቁት። መጀመሪያ እሳቱን አቋርጡ፤ የቦቢናውን ሽቦ ንቀሉ። ከፓምፑ ወደ ካርቡራተር የሚሄደውን ቱቦ ካርቡራተሩ ጋ ፍቱና ጫፉን ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱት። አንድ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር። ጤነኛ ፓምፕ እንደሚታለብ ጡት ጭርር፣ ጭርር እያለ በጉልበት ይረጫል።  ዝም ብሎ ካንጠባጠበ ወይም አረፋ ብቻ ከተፋ ደክሟል፣ ወይም ደግሞ አሁንም የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው። ለመለየት የመግቢያውን ቱቦ ነቅላችሁ ንጹሕ ቤንዚን ባለበት ጀሪካን ውስጥ በአጭር ቱቦ አስገቡት። ከጀሪካኑ በደንብ ከሳበ ፓምፑ ነጻ ነው፤ ጥፋተኛው ከኋላ ያለው መሥመር ነው። ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገባችሁ እንዳይቆም። ቤንዚን በአፍ መሳብ ደግሞ ሁላችንም ያየነው ነገር ነው፤ ሳንባ ውስጥ ትንሽ ከገባ ሆስፒታል ያስተኛል።

ላዳ ላይ ፓምፑ በእጅ የሚገፋ ትንሽ ማንሻ አለው። ሞተሪኖ ሳያስፈልግ በጣት መሞከር ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ። ማንሻው ልፍስፍስ ብሎ ምንም ካልታገላችሁ ፓምፑ ሞቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ሞተሩ የቆመበት ቦታ ዘንጉን ገፍቶ ይዞት ይሆናል። ሞተሩን ትንሽ አዙሩና እንደገና ሞክሩ።

የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥታችሁ ማሽተትንም አትርሱ። ዲያፍራሙ ሲቀደድ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ዘይት ሊገባ ይችላል። ዘይቱ ከነበረበት ከፍ ካለ፣ ከቀጠነና ቤንዚን ቤንዚን ካለ አታስነሷት። ቤንዚን ያቀጠነው ዘይት ብረትን ከብረት መለየት ስለማይችል የፓምፕ ችግር የሞተር ችግር ይሆናል። እዚህ ላይ «ጋራዥ እስክደርስ» አይሠራም። ፓምፑ ይቀየራል፣ ዘይቱም አብሮ ይፈስሳል።

ታዲያ ላዳዋን ፎጣ እንዴት አዳናት?

አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ይሳሳል፣ ፈሳሽም በቀላሉ ይፈላል። ባቄላ ደጋ ላይ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ቤንዚን ደግሞ ከውሃ እጅግ ቀድሞ ይፈላል። ውስጡ ያሉት ቀላል ቀላሎቹ ንጥረ ነገሮች ባሕር ዳርቻ እንኳ በ40 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራሉ።

አሁን የዓባይን ዳገት አስቡ። በረሃው ይጋግራል። መኪናዋ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ትንፏቀቃለች፤ የሚያቀዘቅዝ ነፋስ የለም። ፓምፑ ደግሞ በጋለ ሞተር ላይ የታሰረ ነው። በዚያ ላይ ስቦ የሚጠጣ ዓይነት ነው፤ የተሳበ ፈሳሽ ደግሞ ይበልጥ ለመፍላት ይቀናዋል። ቤንዚኑ ፓምፑ ውስጥ እንፋሎት ይሆናል። ፓምፑ የተሠራው ፈሳሽ ለመግፋት ነው። እንፋሎት ሲይዝ ይጨምቀዋል፣ ይለቀዋል፣ ይጨምቀዋል፤ ወደፊት የሚሄድ ነገር የለም። ሞተሩ ይጠማል።

እርጥቡ ፎጣ ፓምፑን ሲያቀዘቅዘው እንፋሎቱ ተመልሶ ቤንዚን ይሆናል። ያለ ፎጣም ቆማችሁ ብትጠብቁ ይሠራል፤ ፎጣው ያፈጥነዋል እንጂ። መለያው ይህ ነው፦ ሲሞቃት ትቆማለች፣ ስትቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች፣ ጧት ጧት ችግር የለባትም። እንዲህ ከሆነ አዲስ ፓምፕ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ቱቦው የጭስ ማውጫውን ተደግፎ ያልፍ እንደሆነ እዩ። ራዲያተሩንም አስፈትሹ።

ላዳ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በፓምፑና በሞተሩ መካከል ሙቀት የሚከላከል ወፍራም ሰሌዳ ከነጋስኬቶቹ ይገባል። ፓምፕ ሲቀየር ይህ ሰሌዳ «ትርፍ ነው» ተብሎ ሲጣል አይቻለሁ። ትርፍ አይደለም። ሙቀቱን ከመከልከሉም በላይ ዘንጉ ምን ያህል እንደሚገፋ የሚወስነው እሱና ጋስኬቶቹ ናቸው። ዘንጉ በጣም ወደ ውስጥ በገባበት ጊዜ ብቅ የሚልበት ልክ ከ0.8 እስከ 1.3 ሚሊሜትር ነው። ጋስኬት ሲደራረብ ፓምፑ በቂ አይገፋም፤ አዲሱ ፓምፕ ከአሮጌው የባሰ ይደክማል። ሲሳሳ ደግሞ ዲያፍራሙ ከልኩ በላይ እየተለጠጠ ቶሎ ይቀደዳል።

የኤሌክትሪኩ ፓምፕስ?

ባለፈው ክረምት የወንድሜ ቪትዝ ቆመች። ሞተሪኖው ይዞራል፣ አትነሣም። ጋራዥ ተጎተተች። «ፓምፑ ሞቷል» ተባለ። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዶ ፓምፕ ገዛ፣ ተቀየረ፣ ተነሣች። በሦስተኛው ቀን መስቀለኛ መንገድ ላይ ድርግም። አዲሱ ፓምፕም «ሞተ» ተባለ፤ «ኦሪጅናል አልነበረም»።

ሌላ ኤሌክትሪሽያን ዳሽቦርዱን ከሥር ፈታ። የቀድሞው ባለቤት አላርም አስገጥሞ ነበር። ሌባ መኪናዋን እንዳያስነሣ የፓምፑን ሽቦ ቆርጠው በአላርሙ በኩል አሳልፈውታል። መጋጠሚያው ተጠማዝዞ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ነው። ፕላስተሩ ሲላጥ አንዱ ሽቦ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። በጣት ሲነኩት ይለቃል፣ ሲያስጠጉት ይይዛል። ፓምፑ ሲቀየር መኪናዋ ስለተነቃነቀች ለሦስት ቀን ያዘ፤ በቃ።

ለዚህ ነው ኢኤፍአይ ላይ ፓምፑ የመጨረሻው ተጠርጣሪ መሆን ያለበት። ፓምፑ ሞተር ነው። ሞተር እንዲዞር መብራት መድረስ አለበት። ከባትሪ ተነሥቶ በፊውዝ፣ በሪሌ (መብራቱን የሚከፍት የሚዘጋው ማብሪያ)፣ በሽቦ፣ አላርም ካለ በአላርም አልፎ ፓምፑ ይደርሳል፤ ከዚያ በማሳ (በመኪናዋ ብረት) በኩል ይመለሳል። ከእነዚህ አንዱ ሲበጠስ ምልክቱ ሁሌም አንድ ነው፦ ፓምፑ ጸጥ ይላል።

መጀመሪያ ስሙ። ሬዲዮና ቬንትሌተር ዘግታችሁ ቁልፉን ሳታስነሡ ወደ «ኦን» አድርሱት። ብዙ መኪኖች ላይ ከኋላ ወንበር ሥር ለሁለት ሰከንድ ያህል «እእእዝ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ካለ መብራት ይደርሳል ማለት ነው። ከሌለ ግን ለመፍረድ አትቸኩሉ። የፈረንጆቹ 1990ዎቹ ቶዮታዎች ብዙዎቹ ቁልፍ «ኦን» ላይ ሲሆን ፓምፑን አያዞሩም። የሚያዞሩት ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር፣ እናንተ የሳልባትዮውን አፍ ከፍታችሁ ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ። እነዚሁ ቶዮታዎች ኮፈን ሥር ትንሽ የምርመራ ሳጥን አላቸው። ክዳኗ ላይ «ኤፍፒ» እና «ፕላስ ቢ» የሚሉ ሁለት ቀዳዳዎች ተጽፈዋል። ቁልፉ «ኦን» ሆኖ ሁለቱን በአጭር ሽቦ ስታገናኙ ፓምፑ በቀጥታ መዞር አለበት። እንዲህ ዞሮ በሞተሪኖ ጊዜ ካልዞረ፣ ጥፋተኛው የሚያዝዘው ሪሌ ወይም ሪሌውን የሚያዝዘው ነገር ነው። ፓምፑ አይደለም። ቀዳዳዎቹን ሳታረጋግጡ ግን ሽቦ አትሰኩ።

ፊውዙን አውጥታችሁ በብርሃን እዩት። ከተቃጠለ ሌላ ቀይሩ፤ ወዲያው ደግሞ ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ተላጦ ብረት ነክቷል፣ ወይም ፓምፑ ራሱ እየተጣበቀ ከልኩ በላይ እየሳበ ነው። ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ፊውዝ መግጠም ወይም በሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ ቤንዚን ባለበት ሽቦ ላይ እሳት መጋበዝ ነው። ሪሌውን ሳጥኑ ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ሪሌ ጋር አለዋውጡት፤ ብዙ ጊዜ የጡሩምባው ይገጥማል። ከተነሣች ሪሌ ነው የምትገዙት።

አሁን ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ያስፈልጋል። የፓምፑን ሶኬት ወንበር ሥር ታገኙታላችሁ። ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ፓምፑ እየታዘዘ ሳለ ለኩ። ባትሪው ላይ 12 ቮልት ኖሮ እዚህ 9 ወይም 10 ከደረሰ ፓምፑ ተርቧል። ይዞራል ግን ግፊት አያመጣም። የጎደለው ቮልት የሆነ ቦታ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በዛገ የማሳ መቆለፊያ ወይም በጠቆረ ሶኬት ላይ ቀርቷል። ፓምፑ ቢቀየር አዲሱም ይራባል። 12ቱ በሙሉ ደርሶ፣ ማሳውም ደህና ሆኖ ፓምፑ ዝም ካለ ግን፣ አሁን ሞቷል ማለት ትችላላችሁ።

መንገድ ላይ ከቀራችሁና ቴስተር ከሌለ አንድ የቆየ ዘዴ አለ። አንድ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር፣ ሌላው የሳልባትዮውን ሥር በጎማ ጫማ ተረከዝ መታ መታ ያድርገው። ከተነሣች ፓምፑ ውስጥ መብራት የሚያቀብሉት ከሰሎች አልቀዋል፤ ምቱ ለጊዜው አገናኝቷቸዋል። ቤታችሁ ያደርሳችኋል። ነገ ግን ላትነሣ ትችላለች።

ፓምፑ እየዞረ ካልተነሣችስ ግፊት መለካት ነው፤ ጋራዥ ጌጅ አለው። ቪትዝ ዓይነቶቹ ላይ ወደ 3 ባር (በጎሚስታው መለኪያ ያው ወደ 45 የሚጠጋው) ካልደረሰ ፊልትሮው ተደፍኖ፣ ግፊት የሚመጥነው ሬጉሌተር አፍስሶ ወይም ፓምፑ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ሬጉሌተሩ ኮፈን ሥር ከሆነ ቀጭኗን የአየር ቱቦ ከላዩ ንቀሉ። ቤንዚን ከወጣባት ሬጉሌተሩ ተቀዷል።

ቤንዚን ውስጥ የተነከረ የኤሌክትሪክ ሞተር እንዴት አይነድም?

ይህን የማይጠይቅ ሰው የለም። እሳት አየር ይፈልጋል። ፓምፑ ውስጥ የሞላው ቤንዚን ብቻ ነው፤ አየር ስለሌለ ከሰሎቹ ቢያስፈነጥቁም አይቀጣጠልም። እንዲያውም የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም ያው የሚገፋው ቤንዚን ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ችግር ይመጣል። ቤንዚን ሲጠፋና ሰልፍ ሲረዝም ሰው ጌጁ ቀይ ላይ ሆኖ ቀናት ይነዳል። ሳልባትዮው ሲጎድል ፓምፑ ከቤንዚኑ በላይ ይጋለጣል፣ ይግላል። ጥግ ላይ ስትታጠፉ ደግሞ ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና አየር ይጎርሳል። አንድ ቀን አይገድለውም፤ ልማድ ሲሆን ግን ዕድሜውን ይቆርጣል። ቢቻል ከሩብ በታች አታውርዱት። ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞ 10 ሊትር ለተሰጠው ሰው ይህ ምክር እንደ ቀልድ እንደሚሰማ አውቃለሁ።

ሰልፉን ሸሽቶ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተቀዳ ቤንዚን መግዛትም አለ። ውስጡ አቧራ፣ ውሃ፣ ወይም ናፍጣ ሊኖር ይችላል። ቆሻሻው በፓምፑ አፍ ላይ ያለችውን ካልሲ የምትመስል ወንፊት ይደፍናል፤ ውሃው ብረቱን ያዝጋል። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ሲጀመር የድሮ መኪና ባለቤቶች የሠጉትም ያለ ነገር አልነበረም። ኢታኖል ውሃ ይስባል፤ ለእሱ ያልተሠሩ የድሮ ጎማዎችንና ዲያፍራሞችን ደግሞ ያበላሻል።

መቀየሩ ግድ ከሆነ

መጀመሪያ ግፊቱን አውጡ። የፓምፑን ፊውዝ ነቅላችሁ ሞተሩን አስነሡና ራሱ እስኪጠፋ ተዉት። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ሳልባትዮው እስከ አፉ ሞልቶ አይሁን፤ ሥራው በር ተከፍቶ፣ ነፋስ ባለበት ይሠራ። የቤት ውስጥ ጋራዥ ውስጥ፣ አጠገቡ ብየዳ እየተበየደ ፓምፕ የሚፈታ ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ወንፊቷን አብራችሁ ቀይሩ። ንጹሕ ፓምፕ በቆሸሸ ወንፊት ላይ መግጠም አሮጌውን የገደለውን ነገር ለአዲሱ ማውረስ ነው። ሳልባትዮው ሥር ዝቃጭ ካለ ይታጠብ። የክዳኑ ክብ ጎማም አዲስ ይሁን፤ ካልሆነ መኪናዋ ውስጥ ቤንዚን ይሸታችኋል። ሶኬቱ ላይ የጠቆረ ወይም የቀለጠ እግር ካለ እሱንም ሳትቀይሩ አትዝጉ። ዕቃ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና አጠገብ ለአጠገብ አነጻጽሩ፤ ቁመቱን፣ የአፉን ስፋት፣ የሶኬቱን እግሮች። «ይገጥማል» የሚለው ቃል ሶማሌ ተራ ላይ ብዙ ትርጉም አለው።

አሮጌውንም ተቀበሉ፤ ጋራዥ አትተዉት። የወንድሜ ቪትዝ ዛሬም የምትሄደው በሁለተኛው ፓምፕ ነው፤ ሽቦው ተበይዶ አላርሙ ወጥቷል። የመጀመሪያውን በፌስታል ጠቅልሎ ከተጠባባቂው ጎማ ጎን አስቀምጦታል። ምንም አልሆነም፤ ጤነኛ ነው።